ለመምህሩ ጣሪያ፣ ለሹሙ ሰማይ!

ጎረቤቴ ዶክተር ናቸው። ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ እኔ አንዲት ክፍል፣ እሳቸው ደግሞ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የገቡ ሰሞን የግቢው ሴቶች «ዶክተር መጣልን» ብለው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። አንደኛዋ ልጇን ትኩሳት ቢይዝባት እኩለ ሌሊት ላይ በራቸውን አንኳኳች። ዶክተሩ በፒጃማ ብቅ ብለው «እኔ እንኳ የታሪክ ዶክተር ነኝ» ቢሏት፣ «ታዲያ እሱ ለትኩሳት አይሆንም?» ብላ አፋጠጠቻቸው። እስከ ዛሬ የግቢው መሳቂያ ነው። የሆነ ሆኖ ልጁን ራሳቸው ታቅፈው እስከ አስፋልቱ ወረዱ፣ ታክሲ አስቁመው ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሱት። አብሬያቸው ነበርኩና የታክሲውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ወሩ ገና በ19 ነው፤ የዶክተሩ ኪስ ግን ጳጉሜን ላይ ደርሷል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የማወራው ጎረቤቴን ለማማት አይደለም። ሐሜት ካማረኝማ ስለ ባለሥልጣን ባማ ይሻለኛል፤ ወሬውም ይበዛል። የማወራው ሰሞኑን ሰው ሁሉ ስለ ደመወዝ ሲያወራ አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። መንግሥት በራሱ በጀት በሚያስተዳድራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ «ከዚህ በላይ አይከፈልም» ብሎ የሰቀለው ጣሪያ ማን ራስ ላይ ነው ያረፈው? ማንስ ነው ከጣሪያው በላይ ቆሞ ነፋስ የሚቀበለው?

እስቲ ቁጥሩን እናንሳ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ዲግሪ ይዞ የሚጀምረውን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ የመጨረሻውን ጣሪያ ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አወጣው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የራሱ ስኬል አለው፤ ከረዳት ምሩቅ ተነስቶ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያለ ፕሮፌሰር ላይ ይቆማል። ስኬሉን የሚቆርጠው ግን ያው መንግሥት ነው፤ መምህሩና ዩኒቨርሲቲው ተደራድረው ያመጡት አይደለም። ለዛሬው ጨዋታችን መንግሥት ራሱ ለሠራተኛው «የመጨረሻው ይህ ነው» ብሎ ያወጀውን 39,000 እንውሰድ።

39,000 ብር በወሬ ሲነገር ደስ ይላል። እናቴ ብትሰማ «ምን ያደርግለታል ይሄ ሁሉ?» ትላለች። ነገር ግን በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለውን እያንዳንዱን ብር 35 ከመቶ ይቆርጠዋል። እርሳስ ይዤ አስልቼዋለሁ፤ ግብሩ 11,600 ብር፣ የጡረታው 7 ከመቶ 2,730 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 24,670 ብር ነው። ጀማሪው ባለዲግሪ ደግሞ ከ11,500ው ላይ 8,595 ብር ይዞ ይወጣል። በነገራችን ላይ፣ ከ14,000 በላይ ያገኘ መምህርም ሆነ በወር ግማሽ ሚሊዮን የሚከፈለው የባንክ አለቃ የላይኛው መቶኛቸው እኩል ነው፤ 35። እዚህ ላይ ጣሪያ አለ ማለት ነው፤ ለሀብታሙ የሚያደላ ጣሪያ።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንሂድ። ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። የዚያን ጊዜው የመንግሥት ጣሪያ 20,468 ብር ነበርና 359 ዶላር ያህል ይመነዘር ነበር። ዛሬ ዶላሩን በ140 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 39,000 ብር 278 ዶላር ነው። ጣሪያው በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ፣ በዶላር ወረደ። «መምህሩ ዶላር አይበላም» የሚል ካድሬ እንደሚኖር አውቃለሁ። አዎ፣ ዶላር አይበላም፤ ዘይት ግን ይበላል፣ ነዳጅ በሚጠጣ ታክሲ ይሳፈራል፣ መጽሐፍና ላፕቶፕ ይገዛል። እነዚህ ሁሉ በዶላር ተገዝተው ነው የሚመጡት።

በደርግ ዘመን ዲግሪ ይዞ የወጣ ልጅ በ500 ብር ይጀምር እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ሁሉ ያስታውሳሉ። ዶላሩ እስከ 1985 መስከረም ድረስ በባንክ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። የጥቁር ገበያው ዋጋ ሌላ እንደነበር አልዘነጋሁም፤ በባንኩ ሂሳብ ግን 500ው 241 ዶላር ነው። የዛሬው ጀማሪ 11,500 ብር 82 ዶላር ነው። ደርግን ለማወደስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የተማረውን ልጅ የት እንዳደረሱት ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። የግቢው ባለቤት እማማ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ዶክተሩ ኪራይ አምስት ቀን ባዘገዩ ቁጥር እኔን ይይዙኛል። «ልጄ፣ ዶክተር ሆኖ እንዴት ኪራይ ያዘገያል? ሌላ ቦታ ቢያጠፋው ነው እንጂ!» ይላሉ። ሌላ ቦታ ማለታቸው ሌላ ሴት ወይም መጠጥ ነው። ዶክተሩ ግን አመሻሽ ላይ የሚሄዱት አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የማታ ተማሪ ለማስተማር ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ኮሌጅ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ያርማሉ። በመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቀን ክፍላቸው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ዶክተር ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለቀን ተማሪዎቹ መቼ ነው የሚዘጋጁት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ተዘጋጅቼ ነበር» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉኝ፤ ግን አልሳቅኩም።

እንግዲህ የጣሪያው ሥራ ይህ ነው። ገንዘቡን አያስቀርም፣ ወደ ሌላ በር ይመራዋል። መምህሩ ለመኖር የሚያስፈልገውን ያህል ገንዘብ ከአንድ ቦታ ማግኘቱ አይቀርም፤ ከክፍሉ ካላገኘው ከማታ ኮሌጅ፣ ከማታ ኮሌጅ ካላገኘው ከወርክሾፕ አበል፣ ከአበል ካላገኘው ከአማካሪነት፣ ከዚህ ሁሉ ካላገኘው ከቦሌ አየር ማረፊያ ማዶ። አገሪቱ ሒሳቡን ትከፍለዋለች፤ ብቻ ደመወዝ በሚለው መደብ ላይ አይጻፍም።

ስለ አበል ትንሽ ልበል፤ ይህ የአገራችን ትልቁ ትራንስፎርሜሽን ነውና። ዩኒቨርሲቲው ለመምህሩ ደመወዝ መጨመር አይችልም፤ ስኬሉ አይፈቅድማ! ነገር ግን «የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ» ብሎ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ማስቀመጥ ይችላል። ሆቴሉ ይከፈለዋል፣ ናፍጣው ይከፈላል፣ አበሉ ይከፈላል፣ ባነሩ ይታተማል። ስድስት ኪሎ ካለው አዳራሽ ውስጥ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሐይቅ ካላዩ አያልቅም። አንዱ መምህር ጓደኛዬ «እኛ ዘንድ ደመወዝ መነሻ ነው፣ መድረሻው አበል ነው» ይላል። አበሉን ማን ይሰጣል? ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ኃላፊ። ስም ዝርዝሩ ውስጥ ማን ይገባል? ይህን አንባቢ ይሙላው።

ሌላው ጉድ ደግሞ የውጭ አገር መምህራን ነገር ነው። በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ያን ሁሉ ሕንፃ የሚሞላ መምህር ስላልነበረ ከሕንድና ከሌላም አገር በዶላር ውል መቅጠር ተለመደ። እንግዳ መምህር መምጣቱን አልጠላሁም። በ1943 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት የመጀመሪያው መሪ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ ብዙ መምህራኑም የውጭ ሰዎች ነበሩ፣ ጥሩ ሰውም አፍርተዋል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። በአንድ ኮሪደር፣ በአንድ የትምህርት ደረጃ፣ አንድ ኮርስ እየተካፈሉ የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የአበሻው ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። ለእንግዳው «የዓለም ገበያ ዋጋው ይህ ነው» ይባላል። የዓለም ገበያው አበሻን ሲያይ ዓይኑ ይጠፋል ማለት ነው? መንግሥት ለዶክተር የሚገባውን ዋጋ አያውቅም እንዳንል፣ ያውቃል፤ ለእንግዳው እየከፈለው ነው። ጣሪያው የተሠራው ለባለቤቱ ብቻ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ!

አሁን ወደ ሰማዩ እንውጣ። አንድ መምህር ሃያ ዓመት ተመራምሮ ፕሮፌሰር ቢሆን ከጣሪያው ጋር ራሱን ይመታል። ያው መምህር ምርምሩን ትቶ ዳይሬክተር፣ ከዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት ቢሆንስ? የኃላፊነት አበል፣ ቤት፣ መኪና ከሾፌር ጋር፣ ነዳጅ፣ የስልክ ካርድ፣ የውጭ አገር ጉዞ። ከእነዚህ ውስጥ «ደመወዝ» የሚባለው ትንሹ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ጣሪያው ሁሉንም እኩል ይመታል፤ በተግባር ግን ሹሙ ጣሪያውን በመሰላል ወጥቶ ያልፈዋል። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በዓመት በገንዘብም በዓይነትም ስንት ወጪ እንደሚያስወጣ የትኛው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይተው ያውቃሉ? እኔ ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ያሉ ሰሌዳዎችን አንብቤያለሁ፤ የቤት ኪራይ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሙት ዓመት። ይህኛው የለም።

የዚህ ውጤቱ ምንድን ነው? ጥሩ መምህር ጥሩ መምህር ሆኖ መኖር ስለማይችል መጥፎ አስተዳዳሪ ይሆናል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን የገጠር ተረት በጋውንና በባርኔጣ አልብሰን ግቢ ውስጥ አስገባነው። ሹመቱ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስለዚህ ኪሱ ከሹመት ጋር የታሰረ ምሁር፣ ምላሱም አብሮ ይታሰራል። የእኔ ነጥብ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ የድህነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጓምም ነው። በደመወዙ የሚኖር መምህር «አይሆንም» ማለት ይችላል። በአበል፣ በተስፋ ቤትና በተስፋ ሹመት የሚኖር መምህር ግን «አይሆንም» ከማለቱ በፊት የልጆቹን ቁጥር ይቆጥራል።

ልጓሙ አዲስ አይደለም። በ1985 ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስንና ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ሲባረሩ ይህ ግቢ ያጣውን እስከ ዛሬ አልተካውም። ያኔ ሰው በአንድ ቀን ጎድሏል፤ ጋዜጦችም ጮኸዋል። ዛሬ የሚጎድለው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ለትምህርት ሄዶ ይቀራል፣ አንዱ መንግሥታዊ ላልሆነ ድርጅት ይቀጠራል፣ አንዱ አስመጪ ይሆናል። ደብዳቤ የጻፈ ስለሌለ የሚጮህም የለም።

ከዚያ በፊትም በየካቲት 1966 መምህራኑ በትምህርቱ «ሴክተር ሪቪው» እና በደመወዛቸው ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ፣ የጃንሆይ ሰዎች «የአስተማሪ ኩርፊያ ነው፣ ያልፋል» ብለው ሳይሆን አይቀርም። ባለታክሲዎቹ ተከተሉ፣ ሌላውም ተከተለ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ የአስተማሪ ሆድ ሲብስ የሚሰማው ዘግይቶ እንደሆነ ለማስታወስ ነው። በኅዳር 2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝና በደረጃ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ፣ በግንቦት 2017 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በተመሳሳይ ጥያቄ ሲነሱ ምን ሆነ? የመጀመሪያው ጥያቄው ሳይመለስ በረደ። በሁለተኛው ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ታሰሩ። ደመወዝ የጠየቀ ሐኪም ሲታሰር እኛ ሠፈር ሰው ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ይሠራል?» እያለ ዘበኛ ይጠይቅ ነበር።

በመስከረም 2014 ትምህርት ሚኒስትር የሆኑት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል ብዬ አምን ነበር። እሳቸው ራሳቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አስተምረዋል። በ1993 ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ጋር ሆነው ለተማሪዎች ስለ መብትና ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት በመናገራቸው ታስረዋል። በኋላም በስደት አሜሪካ ባክኔል ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ እዚያ መምህር ማታ ማታ ሌላ ኮሌጅ እየዞረ እንደማይኖር አይተዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ መሆኑን ሲነግሩን አንጀታችን ተቃጥሎ ነበር፤ እውነቱን በመናገራቸውም ብዙዎቻችን አክብረናቸዋል። ግን ክቡር ሚኒስትር፣ ልጁን የሚያስተምረውን መምህር ማን አስተማረው? የሁለተኛ ደረጃው አስተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ነው የሚወጣው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተማሩት ደግሞ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የተዘጋጁ ዶክተር ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን፤ ተማሪውን መፈተን ቀላል ነው፣ ስኬሉን መፈተን ነው የሚከብደው።

አሁን ከወዲያ በኩል ያለውን ክርክር ላምጣ፤ እውነተኛ ክርክር ነውና። ከግቢያችን ማዶ አንድ ሸማኔ አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ የጋሞ ሰው ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ ይወረውራሉ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሐሳቤን ነገርኳቸው። መወርወሪያውን አቁመው አዩኝ። «ዶክተሩ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ ወር ሲሞላ ይቀበላል። እኔ ጥለቱ ካልተሸጠ ማን ይሰጠኛል? እሱ የሚጨመርለት ከማን ላይ ተወስዶ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የዩኒቨርሲቲው በጀት የሸማኔው ግብርም ነው፤ ክብሪት ሲገዛ የሚከፍለው ግብር እዚያ ውስጥ አለበት። ከሕዝብ ኪስ የሚከፈል ደመወዝ ልክ ይኑረው ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም ልክ የሌለው ደመወዝ ምን እንደሚመስል ሌላ አገር ታይቷል።

እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ 2017 የባዝ ዩኒቨርሲቲ መሪ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም 468,000 ፓውንድ መድረሱ ሲታወቅ መምህራኑና ተማሪዎቹ ተነሱባቸው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ብዙ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች በዓመት ከአንድ ሚሊዮን የአገሩ ዶላር በላይ ሲከፈላቸው፣ በ2025 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ኮሚቴ ጉዳዩን አደባባይ አውጥቶ መረመረ። ሆላንድ ከሁሉም ቀድማለች። ከ2013 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩ ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ የላይኞቹ ኃላፊዎች ክፍያ በሕግ ተገደበ፤ ከ2015 ወዲህ ልኩ የሚኒስትር ደመወዝ ነው። የኃላፊው ስምና የተከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ ታትሞ ይወጣል። ልብ በሉ! ሕጉ የሰቀለው ጣሪያ በአለቆቹ ራስ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሕጉ በመምህሩ ራስ ላይ ጣሪያ ሰቅሎ፣ አለቃውን መጋረጃ ሰጠው። እነሱ ጣሪያ ያበጁት ከላይ ላለው ሰው ነው፤ እኛ ጣሪያውን ወደ ወለሉ አወረድነውና ጎንበስ ብለን እንሄዳለን።

ስለዚህ ለጋሼ የምሰጠው መልስ፣ ትንሽ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተገኝቷል። ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው፤ ለቢሾፍቱ ሆቴል፣ ለነዳጅ፣ ለዶላር ውል፣ አስተምረን ለውጭ አገር በነፃ ለምንሸልመው ምሁር። ከአንተ ላይ አዲስ አይወሰድ፤ የተወሰደው የት እንደገባ ይታይ።

በግንቦት 2015 የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ተስፋ ሰጥቶን ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ሐሳቡ ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡንና ሠራተኛውን ራሱ ያስተዳድር ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሰጋኛል። አንደኛ፣ ቦርዱ ነፃ ነህ ሲባል መጀመሪያ የሚያሻሽለው የማንን ደመወዝ ነው? የመምህሩን ወይስ የሹሙን? የሆላንድን ዓይነት ገደብ የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱም መኪናውም ነዳጁም ተሰልቶ፣ በስም፣ በየዓመቱ፣ ጋዜጣ ላይ። እኛም በነፃ እናትመዋለን! ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ የፈለገውን መክፈል ከቻለና ጂንካና ደባርቅ በድሮው ስኬል ከቀሩ፣ የእነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ሁሉ በአንድ ክረምት እዚህ ጉለሌ ቤት ሊፈልጉ ይመጣሉ። እማማ ኪራይ ይጨምሩብናል። ስለዚህ ለራስ ገዞቹ በሩ ሲከፈት ለሌሎቹም ስኬሉ ከገበያው ዋጋ ጋር በየዓመቱ እንዲታይ በሕግ መያዝ አለበት፤ አድማ ሲነሳ፣ ምርጫ ሲደርስ ወይም ብሩ ሲወድቅ ብቻ የሚታወስ ችሮታ መሆን የለበትም። በዓይነትና በአበል የሚሰጠው ሁሉ ደመወዝ ውስጥ ይግባ፤ ያኔ ግብር ሰብሳቢውም ያየዋል፣ ሸማኔውም ያየዋል፣ መምህሩም ስም ዝርዝር ጸሐፊውን ደጅ አይጠናም።

እኔ በዲፕሎማ የቀረሁ፣ በጻፍኩት ልክ የምከፈል ሰው ነኝ፤ ለዶክተር ደመወዝ መከራከሬ ያስቀኝ ይሆናል። ግን የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊቷ የሚቆመው ሰው ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ትናንት ማታ ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ለዶክተሩ አነበብኩላቸው። ከማታ ክፍል መመለሳቸው ነበር፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ በሬ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ስለ 1966ቱ ያልኩትን አንድ ቦታ አረሙኝ፣ ስለ ሸማኔው ያልኩት ደስ አላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሜንና የማስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ እንዳታወጣ፣ እባክህ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ክፉ ነገር ተናገሩ?»

«ምንም አልተናገርኩም። ግን የመምህራን ቤት ተራ ላይ ተመዝግቤያለሁ። ዝርዝሩ በዚህ ወር ይወጣል ብለውናል።»

እሺ አልኳቸው። አላወጣሁም።